ገብሱ እስኪገባ

ዘመሮ ከተማ ላይ መብራት ሲጠፋ ከቤቴ ዝቅ ብሎ ያለው ወፍጮ ቤት የድሮውን የናፍጣ ሞተር ያስነሳል። ሞተሩ መጀመሪያ ሁለት ሦስት ጊዜ ይስላል፤ ከዚያ ጥቁር ጭሱን ተፍቶ መሬቱን ማንቀጥቀጥ ይጀምራል። ጭሱ በመስኮቴ ይገባል። ጎረቤቶቼ ይዘጋሉ፤ እኔ አልዘጋም። የናፍጣ፣ የተቃጠለ ዘይትና የገብስ ዱቄት ሽታ አንድ ላይ ሲመጣብኝ ወንድሜ ከበሩ ሥር ቆሞ እጁን በጨርቅ የሚጠርግ ይመስለኛል።

ይህን የማወራችሁ ላስለቅሳችሁ ብዬ አይደለም። እኔም ሳወራው ብዙ አይሰማኝም። የሌላ ሰው ቤት ነገር የምተርክ ነው የሚመስለኝ። ሞተሩ ሲነሳ ግን ነገሩ ሁሉ ከነተራው ይመጣል፤ መብራት ተመልሶ ሞተሩ እስኪጠፋ ድረስም አይለቀኝም።

ወንድሜ ባሕር ኃይል ነበር። የመንዝ ልጅ መርከበኛ ሆነ ሲባል ያኔም ሰው ይስቅ ነበር። በኛ አገር ውሃ ማለት ምንጭ ነው፤ ሲበዛም ክረምት ላይ ደፍርሶ የሚወርድ ወንዝ ነው። በመንደራችን ዋና የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። አባታችን ሲሞት እሱ ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ተወና ሥራ ፍለጋ ደብረ ብርሃን ወረደ። እዚያ ወታደር ሲመለመል ደረሰ፤ ቁመቱን ለኩት፣ ጥርሱን አዩት፣ በመኪና ጭነው ምጽዋ አወረዱት። እናቴ ወታደር ሆነ ሲሏት አለቀሰች። የባሕር ወታደር ነው ሲሏት ግን ምን ብላ እንደምታለቅስ ግራ ገባት።

ያኔ እኔ ገና ሕፃን ነበርኩ። አሄዳዱን አላስታውሰውም፤ የማስታውሰው አመጣጡን ነው። በየሁለት ዓመቱ፣ አንዳንዴም ከዚያ ቆይቶ፣ ፈቃድ ሲያገኝ ይመጣል። እስከ መሐል ሜዳ ከተማ በጭነት መኪና፣ ከዚያ ወዲህ በእግሩ። ደጃፍ ሲደርስ ከንፈሩ በብርድ ተሰነጣጥቆ ነበር የሚገኘው። እናቴ ወዲያው ካባዋን ታለብሰውና ከምድጃው አጠገብ ታስቀምጠዋለች፤ እሱም ያን ግዙፍ ትከሻውን ሰብስቦ እንደ አራስ ይቀመጣል። "የምጽዋ ሙቀት ደሜን አቀጠነው፣ እማዬ" ይላታል። አንድ ጊዜ የበጋውን ፈትል ሁሉ ለእሱ አድርጋ፣ ሸማኔ ዘንድ አሠርታ፣ የበግ ጠጉር ዝተት ብርድ ልብስ ሰጠችው። "እኛ እኮ እዚያ ወለሉ ላይ ውሃ አፍስሰን ነው የምንተኛው" ቢላት አልሰማችውም። ከውሃ ጋር የሚኖር ሰው አይበርደውም የሚል ነገር በጭንቅላቷ ሊገባ አልቻለም። ተሸክሞት ሄደ።

ሥራው መርከቡን የሚያንቀሳቅሰው ሞተር ላይ ነበር። ባሕሩን ራሱን ብዙም አያየው። ከላይ ያሉት ያያሉ፤ እሱ ከታች፣ ከመርከቡ ሆድ ውስጥ፣ ከዘይቱና ከጩኸቱ ጋር ነው። እያደር ማዕረግ አገኘ፤ ሌሎቹን ማዘዝና ማስተማር ጀመረ። እናቴ በመጣ ቁጥር "አሁንስ በቃህ፣ አግባና መሬትህን እረስ" ትለዋለች። እሱ ይስቅና "እማዬ፣ እኔ በሬ መጥመድ ረስቻለሁ። ሞተር ግን ድምፁን ሰምቼ የቱ ጋ እንዳመመው አውቃለሁ" ይላታል። ውሉ ባለቀ ቁጥር መልሶ ይፈርም ነበር። ሥራውን ይወደው ነበር። ይህንን ለእናቴ ፊት ለፊት ነግሯት አያውቅም፤ እኔ ግን ያወቅሁት አንድ ፈቃዱ ላይ የዘመሮ ወፍጮ ሲበላሽ ነው። ያኔ በአካባቢው ያለው ወፍጮ እሱ ብቻ ነበር። ሰው እህሉን ጭኖ መጥቶ ደጅ ላይ ሲጉላላ ወንድሜ ኮቱን አውልቆ ገባ። ቀኑን ሙሉ እዚያ ዋለ። ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል ሞተሩ ጮኸ፤ ሰውም አብሮ ጮኸ። ወንድሜ ፊቱ ጠቁሮ፣ ጥርሱ ብቻ እየታየ ወጣ። እንዲያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። በእግራችን ወደ ቤት ስንመለስ ከጎኑ እየሄድኩ ያን የልብሱን ሽታ ሳሸት ነበር።

እናቴ ባሕር ምን እንደሚመስል ስትጠይቀው ይቸግረው ነበር። አንድ ጠዋት ሁለታችንንም ከመንደሩ በታች ወዳለው የገደል አፋፍ ይዞን ሄደ። ቆላው በሙሉ በጉም ተሞልቶ ነበር። ነጭ፣ ጠፍጣፋ፣ እስከ መርሐቤቴ ተራሮች ድረስ።

"ይሄ ሁሉ ውሃ ቢሆን" አላት።

"ማዶው መርሐቤቴ ነው" አለች።

"ማዶ የለውም፣ እማዬ።"

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ብዙ ተመለከተች። "ማዶ ከሌለው ታዲያ ወዴት ነው የምትሄዱት?" አለችው። እሱ ሳቀ።

የመጨረሻው ፈቃዱ ላይ ጠጉሩ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሎበት ነበር። ከማለዳ ጀምሮ አንድ ነገር ይጠግናል፤ የበሩን መቀርቀሪያ፣ የበጎቹን ጋጣ፣ የፈረሰውን ካብ። አንዱን ሲጨርስ ሌላውን ይይዛል። ድንጋይ እያቀበልኩት "ጋሼ፣ ጦርነቱ ባሕር ላይም አለ እንዴ?" አልኩት። እጁ ላይ ያለውን ድንጋይ ካቡ ላይ አስቀመጠ፤ አገላበጠው፤ ሌላ ጎኑን አደረገው። "መሬት ላይ ያለው ሁሉ ባሕር መድረሱ አይቀርም" አለኝ። ሲሄድ እስከ መንገዱ ሸኘነው። እናቴን ጉልበቷን ስሞ ሲነሳ ወደ እኔ ዞረና "እቱ፣ ትምህርትሽን እንዳትተዪ። እኔ ስምንተኛ ላይ ትቼ ይኸው ከመርከብ ሆድ ገባሁ" አለኝ። ይስቅ ነበር። ከዚያ በኋላ አላየሁትም።

አጎቴ ሬድዮ ነበራቸው። አንድ ሰሞን ሬድዮው የምጽዋን ስም ደጋግሞ ጠራ፤ ከዚያ መጥራቱን ተወ። አጎቴ ያንን ዝምታ አልወደዱትም። ለእናቴ ግን ምንም አላሏትም፤ እሷም አልጠየቀቻቸውም። ከወንድሜ የሚመጣ ወሬ ቆመ። አንድ ዓመት አለፈ፤ ሌላውም ተጋመሰ። እናቴ በግ ትሸጣለች፣ ትፈትላለች፣ ቤተ ክርስቲያን ትሳለማለች። ስሙ በቤታችን ሲነሳ ሁልጊዜ "ሲመጣ" በሚል ነበር። ሲመጣ ይሄንን ይሠራዋል፤ ሲመጣ ያንን እንጠይቀዋለን።

መንግሥት ሲለወጥ ወታደሩ ወደየአገሩ መፍሰስ ጀመረ። በመንገዳችን በእግሩ የሚያልፈው ብዙ ነበር። የሳሳ ፊት፣ የተቀደደ ሸሚዝ፣ በገመድ የታሰረ ጫማ። እናቴ በሶና ጠላ ይዛ ከመንገዱ ዳር ትቀመጥ ጀመር። ላለፈው ሁሉ ትሰጣለች። "አገርህ የት ነው? ቅርብ ነው?" ትላለች እንጂ "ከየትኛው ጦር ነህ?" ብላ አንዱንም ስትጠይቅ ሰምቼ አላውቅም።

ሰኔ ውስጥ አንድ ቀን አመሻሹ ላይ አንድ ሰው የወንድሜን ስም እየጠራ ቤታችንን አፈላልጎ መጣ። ረዥም፣ አጥንቱ የወጣ፣ የፊቱ ቆዳ በፀሐይ የተላጠ ሰው። የመርሐቤቴ ልጅ ነበር፤ ከምርኮ ተለቆ ወደ አገሩ ወደ ዓለም ከተማ እየሄደ ነው። እናቴ አስገብታ ካስቀመጠችው በኋላ ውሃ አሙቃ እግሩን ራሷ አጠበችው። "ተዪ እማማ፣ አንቺማ አይሆንም" እያለ እግሩን ሊሰበስብ ሞከረ፤ አልለቀቀችውም። ራት አቀረብኩ። እሷ ፊት ለፊቱ በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

"ከልጄ ጋር ነበርክ?" አለችው።

"አዎ፣ እማማ። ብዙ ዓመት።"

"በአንድ መርከብ?"

"በአንድ መርከብ።"

"ይበላል?"

ሰውዬው የያዘውን ጉርሻ ወደ አፉ ሳያደርሰው ቆመ። "ይበላል፣ እማማ" አላት።

"አልከሳም?"

"አልከሳም።"

ከዚያ ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መልሶ አስቀመጠውና ጠገብኩ አለ። ያን ያህል አገር በእግሩ የመጣ ሰው ነው። እናቴ "በሞቴ" አላለችም። አፈር ስሆን ብላ አልለመነችም። ሳህኑን በዝግታ አነሳችና መኝታ አነጠፈችለት። በኛ አገር እንግዳ ሳይበላ ሲቀር ዝም አይባልም። ያኔ ይህን አላስተዋልኩም። ያስተዋልኩት በኋላ ነው።

ጠዋት መንገዱን ላሳየው አብሬው ወጣሁ። እናቴ "ስትመለሺ ከበረቱ ኩበት ይዘሽ ነይ" ብላኝ ነበር። የቆላው ቁልቁለት ከሚጀምርበት ስንደርስ ሰውዬው ቆመ። ብርድ ነበር፤ ፀሐይዋ ወጥታለች፣ ግን ሙቀት የላትም። ፊቴን ሳያይ ነገረኝ። መርከባቸው ከወደቡ ብዙም ሳትርቅ ተመታች። እሱ ከላይ ነበር፤ ወንድሜ ከታች። ላይ የነበሩት ወደ ባሕሩ ዘለሉ። ታች ከነበሩት የወጣ የለም።

"ሞተሩ ግን ከተመታን በኋላም ለጥቂት ጊዜ ሠርቷል" አለኝ። "ወደ ዳር አስጠጋን። ዋና የማይችሉት እንኳ የተረፉት በዚያ ነው። እሱ ነው የሚያሠራው እያልኩ ሳስብ ትዝ ይለኛል። ከዚያ ቆመ።"

ቀኑ መቼ እንደነበር ጠየቅሁት። አሰበና ራሱን ነቀነቀ። ውጊያው ከተጀመረ በኋላ ቀኑና ሌሊቱ ተደባልቆባቸው እንደነበር፣ ወሩን እንጂ ቀኑን እንደማያውቀው ነገረኝ።

"የመጣሁት ለእናታችሁ ልነግራት ነበር" አለ። "ይበላል ወይ ስትለኝ አቃተኝ።"

ቁልቁለቱን ወረደ። ጀርባውን እስኪሰወር አየሁት። የማለቅስ መስሎኝ ጠበቅሁ፤ ምንም አልመጣም። እግሬ ግን እንደ ድንጋይ ቀዝቅዞ ነበር። ወደ በረቱ ሄጄ ኩበት ለቀምኩ፤ ደረቁን ከእርጥቡ እየለየሁ። ይዤ ገባሁ። እናቴ "ደህና ሄደልሽ?" አለችኝ። "ደህና ሄደ" አልኳት። እሳቱ ላይ ጨመርኩ።

ከሰዓት በኋላ አጎቴ ዘንድ ሄድኩ። የሰማሁትን ነገርኳቸው። ከዚያ የንስሐ አባታችንንና ሁለት ሽማግሌዎችን አስጠሩ። እኔ ከበሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። የበልጉ ገብስ ደርሶ ነበር፤ ማሳው ነጭ ብሏል። መርዶው ዛሬ ከተነገረ የለቅሶው ድንኳን ሳይነሳ ክረምቱ ይገባል። አንድ ቀን በረዶ ከወረደ ደግሞ የዓመት ቀለባችን መሬት ላይ ነው። ቤታችን ወንድ የለበትም።

"ይግባና እንነግራታለን" አሉ አጎቴ። "አገሩ ተሰብስቦ በደቦ ያጭድላታል። አንቺ ብቻ ፊትሽን ጠብቂ።"

ጠበቅሁ። አልከበደኝም። ፊቴ ላይ የሚጠበቅ ነገር አልነበረም።

ደቦው የተጠራ ዕለት ከሌላ ጊዜ የበዛ ሰው መጣ። ሁሉም ሰምቷል። ማለዳ ማጭዳቸውን ይዘው ተሰልፈው ገቡ። በኛ አገር ደቦ ያለ ዘፈን አይታጨድም፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ እጅም በዚያ ይፈጥናል። ያን ቀን የሚሰማው የማጭድ ድምፅ ብቻ ነበር። ሽርክ፣ ሽርክ። የገብሱ ጢም እየተሰበረ አቧራው ፀሐይ ላይ ያበራል። እናቴ ጠላ ይዛ መጣች። ከማሳው ዳር ቆማ አዳመጠች።

"ምነው ዘንድሮ ዘፈን የለም?" አለች።

አጫጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ ጎረቤታችን ጉሮሮውን ጠርጎ ዘፈን አወጣ። ሁለት ሦስቱ ተቀበሉት። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሲደርስ ድምፁ ተቆረጠ፤ የቀጠለለትም የለም። እናቴ ጠላውን አስቀመጠች፤ ጎንበስ አለችና ነዶ መሰብሰብ ጀመረች። እኔም ከጎኗ ጎንበስ አልኩ። እስከ ማታ ድረስ እንዲያው ዋልን። ቤት ስንገባ "ዘንድሮ ገብሱ ጥሩ ነው" አለችኝ።

"አዎ፣ ጥሩ ነው" አልኳት።

ከዚያ ውቂያው ነበር፤ ከዚያ ማዝራቱ። ሰማዩ አንድ ሁለት ጊዜ ጠቁሮ ተመለሰ። በነዚያ ሳምንታት እናቴ እንዝርቷን ሰቅላ አልነካችውም። ሥራው በዝቶባት ነው ብዬ ነበር። ምሽት ላይ እሳት ዳር እንቀመጣለን፤ እሷ የገብሱን ነገር ታነሳለች፣ እኔ እመልስላታለሁ። "ሲመጣ" የሚለው ቃል ከቤታችን ጠፍቶ ነበር። ይህንንም አላስተዋልኩም።

የመጨረሻው ጆንያ ጎተራ ከገባ በማግሥቱ፣ ሊነጋ ሲል፣ ሽማግሌዎቹ መጡ። እኔ ከአጎቴ ቤት ነበር ያደርኩት፤ በመርዶ ጠዋት ከእሷ ጋር እንዳልሆን ብለው ነው። አብሬያቸው ተመለስኩ። ሰው ዘንድ መርዶ ሲኬድ ባለቤቱ ተኝቶ ነው የሚገኘው፤ በር ተንኳኩቶ ነው የሚቀሰቀሰው። የኛ ቤት በር ግን ክፍት ነበር። እሳቱ ነዷል። በርጩማዎቹ ሁሉ ወጥተው ግድግዳውን ተከትለው ተደርድረዋል። እናቴ መደቡ ላይ ተቀምጣለች፤ ጠጉሯን ተላጭታ፣ ጥቁር አስራ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ።

"ግቡ" አለቻቸው።

ገብተው ተቀመጡ። የንስሐ አባታችን መስቀላቸውን ከእጃቸው ወደ እጃቸው አዘዋወሩ። "ልጄ" ብለው ጀመሩ።

"አባቴ" አለቻቸው እናቴ፣ "ገብሱ ገብቷል። አሁን ይንገሩኝ።"

ነገሯት። እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ ነው የጮኸችው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ረዥም አድርጋ። ውሾቹ ሁሉ ተነሱ፤ መንደሩ በሙሉ ወጣ።

እንዴት እንዳወቀች የነገረችኝ ከቀናት በኋላ ነው፤ ለቀስተኛው ሲሳሳ። "ሰውዬው ይበላል አለኝ። ራሱ ግን መብላት አቃተው" አለችኝ።

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"እኔ ካለቀስኩ አገሩ ሁሉ ያለቅሳል። ማን ያጭዳል? አንቺስ ክረምቱን ምን ትበያለሽ?"

አስከሬን ስላልነበረ ለቅሶው በልብሱ ነበር። የመጨረሻ ጊዜ ሲመጣ ትቶት የሄደውን ነጭ ሸሚዙን ከሳጥን አውጥተን ሜዳው መሐል ነጠላ ላይ ዘረጋነው። አስለቃሿ ለአራሽ፣ ለአዳኝ፣ ለጦረኛ የምትለው ነበራት፤ ለመርከበኛ ግን አልነበራትም። በሬውንና ማሳውን ልትጠራ ስትል ታቆማለች፤ ፈረሱን ልትጠራ ስትልም ታቆማለች። በመጨረሻ ስሙን ብቻ ደጋግማ ጠራችው፤ ሰው በዚያ አለቀሰ። እኔ እዚያም አላለቀስኩም። ሸሚዙ ንፋሱ ሲነካው እጅጌው ከፍ ዝቅ ይል ነበር፤ እንዳይወስደው ብዬ ጠርዙ ላይ ድንጋይ አስቀመጥኩ። ከዚያ ቀን በልቤ የቀረው ይህ ነው።

ለሙት ዓመቱ ቀን ሲቆረጥ የንስሐ አባታችን "የትኛውን ቀን እንበል?" ብለው ጠየቁ። አጎቴ ወሩን ጠቀሱ። ቀኑን የሚያውቅ አልነበረም። አንዱ ሽማግሌ የወሩን መጀመሪያ እናድርገው አሉ፤ ሌላው መጨረሻውን። እናቴ ሁሉንም አዳምጣ ስታበቃ "የሞተበትን ቀን እናንተም አታውቁትም። የወለድኩበትን ግን እኔ አውቀዋለሁ። ጥቅምት መድኃኔ ዓለም ነው። በዚያ ይሁን" አለች። የንስሐ አባታችን ትንሽ አሰቡ። ይሁን አሉ።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በጥቅምት መድኃኔ ዓለም ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠላ ይቀዳል። አዲስ የመጡት ጎረቤቶች ዝክር ይመስላቸዋል። አላርማቸውም። እናቴም ብዙ ዓመት ኖራ ነው ያለፈችው። በመጨረሻ ነገር መርሳት ጀምራ ነበር፤ መጀመሪያ ምጽዋን ረሳች፣ ቀጥሎ መርከቡን፣ ከዚያ ጦርነቱን። አንዳንዴ እኔንም ማን እንደሆንኩ ታጣለች። በዚያ ቀን ግን ዳቦው ተቆርሶ ሰው ከሄደ በኋላ ወደ እሷ ትጠራኝና አጠገቧ ታስቀምጠኛለች። የቀኝ ክንዷን ትዘረጋለች፤ በግራ እጇ ከክርኗ ጀምራ እስከ ጣቷ ጫፍ ትለካለች።

"ይችን ታክል ነበር" ትለኛለች።

"አዎ፣ እማዬ" እላታለሁ።

ትለካና፣ እንደገና ትለካለች።